አደይ በማይበቅልበት አገር

ለሥራ ጉዳይ ወደ ሩቅ አገር የሚላክ መኰንን ሻንጣው የራሱ ብቻ እንዳልሆነ በጦር ሠፈር የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። አንዱ ደብዳቤ ይሰጠዋል፤ ሌላው በርበሬ ያሲዘዋል፤ ሌላው ደግሞ ለወንድሙ ልጅ የገዛውን ጫማ ‹‹አደራ›› ብሎ ያስረክበዋል። እኛም ባለፈው ዓመት በነሐሴ መጨረሻ ወደ ጂቡቲ ከተማ ለመሄድ ስንሰናዳ አደራ መቀበላችን አልቀረም። ከአደራዎቹ አንዱ ግን አስገረመን። ከክፍላችን አንድ ሃምሳ አለቃ በጆንያ የተጠቀለለና በሲባጎ የታሰረ ሣር ይዞ መጣ።

‹‹ለእህቴ ነው ጌታዬ›› አለ። ‹‹ስንደዶና አክርማ ነው። በመስከረም ለዕረፍት አገር ቤት በገባሁ ጊዜ በገዛ እጄ የለቀምሁት ነው። እንዳይሰባበር አደራዎን።››

እውነቱን ለመናገር በልባችን ሳቅን። ወደዚያች የወደብ ከተማ ከአገራችን ጫት፣ አትክልትና ፍራፍሬ ዘወትር እንደሚጫን እናውቃለን። ደረቅ ሣር ተሸክሞ ድንበር የተሻገረ መኰንን ግን ከእኛ በፊት መኖሩን እንጠራጠራለን። ይሁን እንጂ አደራ አደራ ነውና እስሩን ከሻንጣችን ጋር አስረን ተጓዝን። ይህችን ጽሑፍ የምንጽፈውም ያ ሣር የሄደበትን ቤት ካየን በኋላ ሳቃችን ስለ ቀረ ነው።

ከድሬዳዋ ወደ ጂቡቲ የሚወስደው መንገድ ለአገራችን ታሪክ እንግዳ አይደለም። የቀድሞው የምድር ባቡር ሐዲድ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጂቡቲ በኩል ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ የገባ ሲሆን፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። ርዝመቱም 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ዛሬ መንገደኛው የሚሳፈረው እ.ኤ.አ. በ2016 በተመረቀው፣ በኤሌክትሪክ ኃይል በሚሠራው ባቡር ነው። እኛ ከድሬዳዋ ስንነሣ በስተኋላችን የቀሩት ተራሮች የክረምቱን ልምላሜ እንደ ለበሱ ነበሩ። አዲጋላን፣ አይሻንና ደወሌን እያለፍን ስንሄድ ግን አረንጓዴው እየሳሳ፣ በመጨረሻም እየጠፋ ሄደ። ድንበሩን ተሻግረን፣ አሊ ሳቢህን አልፈን ወደ ባሕሩ ስንወርድ ከጥቁር ድንጋይና ከአጫጭር ግራር በቀር ዓይን የሚያርፍበት ነገር አልነበረም። በነጋድ ጣቢያ የባቡሩ በር ሲከፈት ሙቀቱ እንደ ምድጃ እሳት ፊታችንን ገረፈው።

ጂቡቲ ከተማ የባሕርና የንግድ ከተማ ናት። በቀድሞው የፈረንሳዮች ሠፈር ነጭ ቀለም የተቀቡ፣ ባለ ቅስት በረንዳ ሕንጻዎች ይታያሉ። ዋናው አደባባይ የአገሪቱ ነጻነት የታወጀበትን ዕለት፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 1977ን እንዲያስታውስ የተሰየመ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው ዛሬም በቀድሞ ስሙ ምኒልክ አደባባይ ይለዋል። ከዚያ ጥቂት ራመድ ሲሉ የሐሙዲ መስጊድና ገበያው ይገኛሉ። በገበያው ውስጥ አፋርኛው፣ ሶማልኛው፣ ዐረብኛው፣ ፈረንሳይኛውና አማርኛው ይደባለቃሉ። ከቀትር በኋላ ግን መንገዱ ጭር ይላል፤ ሰው ሁሉ ወደ ጥላ ይሸሻል።

ለደጋ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ወቅቱ የተገለባበጠ መስሎ መታየቱ ነው። በእኛ አገር ጳጉሜን ሲባል ክረምቱ ሊወጣ፣ ሰማዩ ሊጠራ፣ ሜዳውም ቢጫ ሊለብስ ነው። በጂቡቲ ግን ኻምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራ አዘል ነፋስ የሚነፍስበት በጋ ገና አልወጣም። በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። አዲስ አበባ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ስታገኝ፣ ጂቡቲ ከተማ የምታገኘው ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። ያችም ጥቂት ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ የምትጥለው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ባለው ቀዝቀዝ ባለ ጊዜ ነው። እንግዲህ አዲስ ዓመት በዚህ አገር ያለ አደይ፣ ያለ እርጥብ ሣር፣ ያለ መስቀል ወፍ ይገባል ማለት ነው።

የሃምሳ አለቃው እህት የምትኖረው በቁጥር ከሚጠሩት የሕዝብ መንደሮች በአንዱ ውስጥ፣ ቆርቆሮና ሳንቃ በተያያዘበት ግቢ ነው። ባለቤቷ የጭነት መኪና ሾፌር በመሆኑ ከወሩ አብዛኛውን ቀን በመንገድ ላይ ያሳልፋል። በደረስንበት ዕለትም አልነበረም። እህታችን የወንድሟን ስም ስንነግራት እጃችንን በሁለት እጇ ይዛ ‹‹ይግቡ፣ ይግቡ መቶ አለቃ፤ ቤት ለእንቦሳ ይበሉ›› አለች። እንቦሳ እሰሩ ከተባባልን በኋላ እስሩን አቀበልናት። ሲባጎውን ፈትታ ሣሩን ወደ ፊቷ አስጠጋችና ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ከዚያም አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ጓዳ ገብታ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዛ ወጣች።

ያልተጨረሰ የሞሰብ ክዳን ነበር። ከመሐሉ ቢጫ አለላ ክብ ሆኖ ተሰፍቷል። ከክቡ የተነሡ የአደይ አበባ ቅጠሎች ወደ ዳር ሊዘረጉ ሲጀምሩ ዙሩ ተቋርጧል።

‹‹የእናታችን ሥራ ነው›› አለችን። ‹‹ለሠርጌ ብላ ጀመረችው፤ ሳትጨርሰው ዐረፈች። ወደዚህ ስመጣ ይዤው መጣሁ። ስንደዶዬ ሲያልቅብኝ ቆመ። ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ።››

ጎረቤቷ የሆኑት አፋር እናት በዘንባባ ምንጣፍ የሚሠሩ ናቸው። ሴትዮዋ ዘንባባውን በለጋስነት ሰጥተዋት ነበር፤ ሞክራውም ነበር። ዘንባባ ግን ለምንጣፍ እንጂ ለዚህ ለቀጭን ስፌት የሚሆን ሆኖ አላገኘችውም። እናቷ ከጀመረችው ጋር ስላልገጠመላት ፈታችው። ዘጠኝ ዓመት ያረጀው አለላ ቀለሙ ደብዝዟል። ስለዚህ አዲሱ ከአሮጌው ጋር እንዲመሳሰል አደብዝዛ ትነክረው እንደሆነ ጠየቅናት። ‹‹አይ፣ እናቴ የደረሰችበት ይታወቅ እንጂ›› አለች። ‹‹ምን ያሳፍራል?››

በማግሥቱ ከሥራችን በኋላ ስንመለስ ግቢው ሌላ መልክ ይዞ አገኘነው። አንድ አምስት የሚሆኑ ልጆች በካርቶን ቁራጭ፣ በጨርቅ፣ በክርና በሙጫ ተከበው ተቀምጠዋል። እንደሚታወቀው በአገራችን በእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች አደይና እርጥብ ሣር ይዘው አበባዬሆሽ እያሉ ይዞራሉ። ወንዶች ልጆች ደግሞ አበባ፣ ፀሐይና መላእክት በቀለም ሥለው ለየቤቱ ያድላሉ። በዚህ ግቢ ግን ሴቱም ወንዱም ሁለቱንም ይሠራል። ከዚያ በፊት አንድ ዓመት የእህታችን ባለቤት ከደጋ አደይ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ አምጥቶ ነበር። ጨርቁ ሲፈታ አበባው ጠውልጎና ጠቁሮ ተገኘ። ልጆቹም አዘኑ። ከዚያ ወዲህ እናቲቱ ‹‹የማይጠወልግ እንሠራለን›› ብላ በእጅ ማሠራት ጀመረች።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መደቡ በወደብ በኩል የዕቃ መያዣ ሆኖ የመጣ ካርቶን ነው። የአደዩ ግንድ ስንደዶ ነው፤ ከእኛ እስር ተሰባብሮ የተገኘው ቁርጥራጭ ለዚህ ዋለ። የአበባው ቅጠል ከቢጫ ቁራጭ ጨርቅ ይቆረጣል። ንቡን ያየን ጊዜ ግን ጐንበስ ብለን ደግመን መመልከት ግድ ሆነብን። ገላው የተምር ፍሬ ነው፤ በቢጫና በጥቁር የስፌት ክር እየተፈራረቀ ተጠምጥሞበታል። ክንፎቹ ደግሞ የሽንኩርት ልጣጭ ናቸው፤ ስሱና ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ቀጫጭን ሥር ያላቸው። ከሩቅ ለሚያየው ሊበርር የተዘጋጀ ይመስላል።

ተምሩ ራሱ ለዚህ ሥራ የተገባ ነው። የተምር ዛፍ ወንዱ ለብቻ፣ ሴቷ ለብቻ ናት። በተፈጥሮ የወንዱን ብናኝ ወደ ሴቷ የሚያደርሰው በአብዛኛው ነፋስ ነው። ገበሬው ግን ነፋስን አይጠብቅም። ከወንዱ ዛፍ የአበባ ዘለላ ቈርጦ በሴቷ ዛፍ ላይ በእጁ ያስራል ወይም ያራግፋል። ተምር በሚተከልበት አገር ሁሉ ይህ ከጥንት ጀምሮ ያለ ሥራ ነው። በሌላው ተክል ንብ የምትሠራውን በተምር ላይ የሰው እጅ ይሠራዋል ማለት ነው።

ልጆቹ እየሠሩ ሳለ በእናትና በልጅ መካከል ትንሽ ክርክር ተነሣ። የእህታችን ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው። የተወለደችው ጂቡቲ ውስጥ ሲሆን አደይ በበቀለበት ሜዳ ቆማ አታውቅም። ካርቶኗን ስናይ አበባውን በአንድ ዳር አድርጋ፣ ንቧን ግን በሌላው ዳር በሣለችው የውኃ ቧንቧ ላይ ለጥፋታለች።

‹‹ንብ የምታርፈው አበባ ላይ ነው እንጂ ቧንቧ ላይ ነው እንዴ?›› አለች እናቷ።

‹‹እኔ ያየሁት ቧንቧው ላይ ነው›› አለች ልጅቷ ሳታመነታ። ወደ እኛም ዞር ብላ ‹‹ጋሼ፣ ይምጡና ይዩ›› ብላ እጃችንን ያዘች።

በግቢው ጥግ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ አለ። እውነትም ከሥሩ በረጠበው ሲሚንቶ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ንቦች ሰፍረው ውኃ ይቀዱ ነበር። ከደጋ ንቦች ያነሱ ናቸው። በዚህ ቆላ ግራር አበባ በሚያወጣበት ጊዜ ከዚያ ይቀስማሉ። ልጅቷ እንደ ነገረችን ቀድሞ የግቢው ልጆች በነጠላ ጫማ እየመቱ ይገድሏቸው ነበር። ንቡን በተምር ፍሬና በሽንኩርት ልጣጭ መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ግን አይመቷቸውም። ‹‹ክንፋቸው ስንት ሥር እንዳለው ለማየት ቁጭ ብለን እናያቸዋለን›› አለችን።

ንብ በሙቀት ጊዜ ውኃ የምትቀዳው ለጥሟ ብቻ አይደለም። የንብ እጭ የሚያድግበት የቀፎው ክፍል ሙቀቱ 35 ዲግሪ ገደማ ሆኖ መቆየት አለበት። ውጪው ከዚያ በላይ ሲሆን አንዳንዶቹ ሠራተኛ ንቦች ውኃ እየተሸከሙ ይመጡና በሰፈፉ ላይ በጠብታ ይበትኑታል። ሌሎቹ ቆመው በክንፋቸው ያራግባሉ። ውኃው ሲተን ቤቱ ይቀዘቅዛል። በሥራ ወራት የሠራተኛ ንብ ዕድሜ ከስድስት ሳምንት እምብዛም አያልፍም፤ ከዚያም ላይ ብዙ ቀን ለዚህ ታውላለች። እኛ በደጋ ተወልደን፣ በአደይ ሜዳ ሮጠን፣ ማር በልተን ያደግን ሰዎች ንብ ውኃ ስትቀዳ ቁጭ ብለን ያየነው በሃያዎቹ ዕድሜያችን መጨረሻ፣ በስምንት ዓመት ልጅ ተመርተን ነው። እናቲቱም ጥቂት አሰብ አድርጋ ‹‹በይ እንግዲያውስ ይሁን፤ ቧንቧው ላይ ይቅር›› አለች።

ይሁን እንጂ እናቲቱ የአበባውንም ነገር ሳትነግራት አላለፈችም። ምሽቱን ክዳኑን በጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በወስፌዋ እየወጋች፣ አዲሱን ስንደዶ በአሮጌው ላይ እየቀጠለች ታወራላት ነበር። መስከረም ሲጠባ አደዩ እንዴት እንደሚፈነዳ ነገረቻት። ኑጉም ተከትሎ ማሳውን ቢጫ እንደሚያደርገው፣ በጥቅምትና በኅዳር ማር እንደሚቈረጥ ነገረቻት። እኛም የኑግን ነገር አከልንበት። ኑግ በራሱ ብናኝ በደንብ ዘር የማይዝ ተክል ነው፤ ንቦችና ሌሎች ነፍሳት ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ብናኙን ካላመላለሱለት ፍሬው ያንሳል። በጾም ወጥ የሚሠራበት የኑግ ዘይት የንብ ድካም አለበት ማለት ነው። እናቲቱ ደግሞ ንጉሥ ላሊበላ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ እንደ ከበበውና ስሙም ከዚያ እንደ መጣ የሚናገረውን ትውፊት ነገረቻት። ልጅቷ ሁሉንም ካዳመጠች በኋላ ‹‹ታዲያ እነዚያ ንቦች ውኃ ከየት ይቀዳሉ?›› ስትል ጠየቀች። ሳቅን፤ ግን ጥያቄው የሚያስቅ አልነበረም።

መስከረም 1 ቀን ጠዋት ልጆቹ ፀሐይ ሳትጠነክር ማልደው ወጡ። በአንድ እጃቸው የጨርቅ አደይ፣ በሌላው የካርቶን ሥዕል ይዘው ከቤት ወደ ቤት እየዘመሩ ዞሩ። የሄዱት ወደ ኢትዮጵያውያን ቤት ብቻ አይደለም። አፋሯ እናት አንዱን ሥዕል ተቀብለው ከበራቸው በላይ ሰቀሉት። ለልጆቹም በዘንባባ የጐነጐኗትን ትንሽ ሙዳይ ‹‹ይህ ለንቦቻችሁ ቀፎ ይሁን›› ብለው ሰጧቸው። ሴትዮዋ የእንቁጣጣሽን ነገር ማንም አላስረዳቸውም። የእጅ ሥራ የሚያውቅ ሰው የሌላውን የእጅ ሥራ አይቶ ይገባዋል።

በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የባለቤቷ ስልክ መጣ። ከመንገድ ነበር የሚደውለው፤ በበዓሉ አልደረሰም። እህታችን ‹‹በደኅና ግባ እንጂ፣ እኛ ደኅና ነን›› አለችው። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዐይኗን ከመሬት አላነሣችም። ከዚያ ክዳኑን አንሥታ ስፌቷን ቀጠለች። ይህን ስንጽፍ ከአንባቢዎቻችን መካከል ብዙ ባለቤቶች ይህችን ቀን በደንብ እንደሚያውቋት እናምናለን። ባል በግዳጅ ላይ ሳለ በዓል ሲውል ቤቱ እንዳይሞቅም እንዳይቀዘቅዝም፣ ልጆቹ ሊያድጉ በሚችሉበት መጠን ሆኖ እንዲቈይ የሚደረገው ሥራ በማንም መዝገብ ላይ አይጻፍም። እኛም በሥራችን ስለ ጽናት ብዙ ጊዜ ንግግር አድርገናል። ያን ከሰዓት በኋላ ግን የምንናገረው አልነበረንም፤ ቡናችንን ጠጥተን ዝም ብለን ተቀመጥን።

በተመለስን ማግሥት ሃምሳ አለቃውን አስጠራነው። ክዳኑ ገና አላለቀም፤ የላክንለት እህቱ የሰጠችንን የልጅቷን ካርቶን ነበር። በሁለት እጁ ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ተመለከተው። በመጨረሻም ‹‹ቧንቧው ምንድን ነው ጌታዬ?›› አለ። ነገርነው። ‹‹አላየሁትማ›› አለ። ‹‹አደዩን እንዳታውቀው ብዬ እፈራ ነበር። እሷ ደግሞ እኔ የማላውቀውን ላከችልኝ።›› ካርቶኑ ዛሬ ከአልጋው በላይ ተሰቅሎ ይገኛል። ከክንፎቹ አንዱ ተቀድዶ በሌላ የሽንኩርት ልጣጭ ተተክቷል፤ ማን እንደ ተካው ግን አልጠየቅንም።

የቤተሰብ ማዕዘን አንባቢዎቻችን ይህን ሥራ በቤታቸው ሊሞክሩት ይችላሉ። የሚያስፈልገው ከቤት የማይታጣ ነገር ነው። አንድ የተምር ፍሬ ታጥቦ ይደርቃል፤ ተምር በማይገኝበት አገር ባቄላ ይተካዋል። ጫፉ ላይ ጥቂት ሙጫ ይደረግና ጥቁር ክር አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ይጠመጠማል፤ ቀጥሎ ቢጫ፣ ቀጥሎ ጥቁር እየተባለ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ለክንፉ የሽንኩርት ደረቅ ልጣጭ በመቀስ በሞላላ ይቆረጣል። አራት መሆን አለበት፤ ንብ በየጎኗ ሁለት ሁለት ክንፍ አላትና። ፊተኞቹ ተለቅ፣ ኋለኞቹ አነስ ይላሉ። ከመለጠፋቸው በፊት ልጆቹ ወጥተው እውነተኛዋን ንብ እንዲያዩ ቢደረግ መልካም ነው። በየት እንዳገኟት፣ ምን ስትሠራ እንዳገኟት ይጠየቁ፤ በካርቶኑም ላይ ያዩት ይሣል። በደጋ ያለው ልጅ አበባ ላይ፣ በቆላ ያለው ግራር ወይም ቧንቧ ላይ ሊያገኛት ይችላል። ሁሉም ልክ ነው።

በየጊዜው ከሠፈር ወደ ሠፈር የሚዘዋወር የወታደር ልጅ አንድ መስከረም በብርድ፣ አንዱን መስከረም በሐሩር ሊያሳልፍ ይችላል። እናቱ የተወለደችበትን ሜዳ ሳያይም ሊያድግ ይችላል። ያን ሜዳ በሻንጣ ይዞ መዞር አይቻልም፤ ይዞ የሄደው ሰው ጠውልጎና ጠቁሮ አግኝቶታል። ከልጅ ጋር ተቀምጦ በእጅ መሥራት ግን በየትኛውም ሠፈር ይቻላል።

ክዳኑ በዚህ ዓመት መጋቢት ላይ መጨረሱን ሰምተናል። ለሞሰቡ የሚሆነው ስንደዶ ግን አልበቃም። ስለዚህ ሃምሳ አለቃው ለመጪው መስከረም የዕረፍት ጥያቄውን ከወዲሁ አስገብቷል። እኛም ወደዚያ አቅጣጫ የሚላክ መኰንን ካለ በሻንጣው ላይ ለአንድ እስር የሚሆን ቦታ እንዲተው ከአሁኑ እናሳስባለን።